ሁለት ድስት የጣድንበት ክረምት

ሰው ሁሉ ጎመን መትከል ጀምሯል። የባንክ ሠራተኛው፣ ጠበቃው፣ ድሮ አፈር ሲነካት እጇን ደጋግማ በሳሙና የምትታጠበው ጓደኛዬ ሳትቀር፣ በረንዳቸው ላይ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ሰላጣ አብቅለው ፎቶውን በቴሌግራም ይልኩልኛል። ከፎቶው ሥር «ራስን መቻል!» ይላል። ችግኙ የተገዛ ነው፤ አፈሩ በጋሪ የመጣ ነው፤ ውሃውን ቦቴ ነው ያደረሰው። ግን ራስን መቻል ነው። እኔም የጭብጨባ ምልክት እመልሳለሁ። ክፉ ሰው አይደለሁም።

ባለፈው ከእነዚሁ ወዳጆቼ ጋር አንድ ክትፎ ቤት ተቀምጠን እነሱ ስለ ቲማቲም ዘር ሲከራከሩ፣ አስተናጋጁ ትኩስ ቆጮ ይዞ መጣ። ቆጮ ሽታ አለው። ኮምጠጥ ያለ፣ እርጥብ፣ ዝናብ ገብቶበት የከረመ ቤት የሚሸት ዓይነት። ወዳጆቼ ሽታውን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት እጃቸውን ሰደዱ። እኔ ግን ለጊዜው እዚያ አልነበርኩም። እንጅባራ ነበርኩ፤ ነሐሴ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየወረደ ከአክስቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ማን ቀድሞ እንደሚጎርስ እንጠባበቅ ነበር።

ከጓሮው ብቻ በልቶ የከረመ ሰው በሕይወቴ ያየሁት አንድ ነው፤ አክስቴን ይታይሽን። ያየሁት ስል በአጋጣሚ አይደለም። እንዳያት ተሹሜ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ ለአንድ ክረምት የአክስቴ ጠባቂ ነበርኩ።

አክስቴ አዘና አካባቢ አግብታ ኖራ፣ ትዳሩ ሳይሆን ቀርቶ ወደ እንጅባራ መጣችና አያቴ ሞታ ወና የቀረው ቤት ገባች። ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ስንተኛ ክርናችን ይጋጫል። ጓሮው ግን ቤቱን አይመጥንም፤ ሰፊ ነው። ድንች፣ ጎመን፣ ባቄላና ነጭ ሽንኩርት ይዞ፣ ዙሪያውን በቀርከሃ ታጥሮ፣ አጥሩን ተከትሎ አያቴ የተከለችው ኮባ ትልልቅ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሞበታል። ኮባ በእኛ አገር የሌለበት ጓሮ የለም። ዳቦ ሲጋገር ሊጡ የሚጠቀለልበት ቅጠል ነው። ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ቅጠሉ ይጣላል። ከዚያ ሌላ ኮባ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አባቴ የአክስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከጥሊሊ ወዲያ ገበሬ ነበር፤ ፈረስ የሚወድ፣ ነገር የማይወድ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ለእኔም ለመጻፍ ይቀለኝ ነበር። ብቻ እህቱ ለብቻዋ ከተማ ስትኖር፣ ከተማው ሁሉ ሥራውን ትቶ እሱን የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ግምጃ ቤት ከምትባል ከተማ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው አገኘላት።

«ደግ ሰው ነው፤ ከብቱም ብዙ ነው» አላት።

«ደግነቱን ለከብቶቹ ያድርግላቸው» አለች።

በዚህ የተነሳ ሰኔ ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ። አክስቴ ቤት፣ መደቡ ላይ፣ አያ ቢሻው የሚባሉ ሽማግሌ መሐል ሆነው፣ አባቴ በአንድ ወገን፣ አክስቴ በሩ አጠገብ ቆማ። እኔ ከመስከረም ጀምሮ ለትምህርት ከአክስቴ ጋር እኖር ስለነበር ጥጉ ላይ ባቄላ እፈለፍላለሁ።

«ምን በልተሽ ልትኖሪ ነው?» አላት አባቴ። «ክረምቱ ሲከብድ ቁና ይዘሽ ደጄ አይደል የምትመጭው? ያኔ እኔ ምን ልባል ነው?»

«ካልመጣሁስ?»

«ትመጫለሽ።»

«አያ፣ ካልመጣሁስ?» አለችው፤ ታላቅ ወንድሟን አያ ነው የምትለው።

አያ ቢሻው ሁለቱንም ተራ በተራ አዩና «እንግዲያው ይለይ» አሉ። ውሉን እዚያው ተቀምጠው ደነገጉት። ሐምሌ ከገባ እስከ መስቀል አክስቴ ከጓሮዋ የወጣውን ብቻ ትበላለች። ከማንም እህል አትበደርም፤ አትለምንም፤ ከሰው ማድ አትቆርስም። ክረምቱን እንዲህ ከወጣችው ቤቱና ጓሮው የእሷ ነው፤ ስለ ባልም የሚያነሳባት አይኖርም። አንድ ጣሳ እህል እንኳ ከሰው ከወሰደች ግን ቤቱን ለአባቴ አስረክባ ግምጃ ቤት ትሄዳለች።

«ጨውስ?» አለች አክስቴ።

አያ ቢሻው አሰቡበት። «ጨው ከጓሮ አይበቅልም። ጨው ግዥ።»

«ማን ያያል?» አለ አባቴ።

ይህ ከባድ ጥያቄ ነበር። ሰዎቹ አንድ በአንድ ዞረው እኔን አዩኝ። ባቄላው ከእጄ ወደቀ።

እንዲህ ሆኖ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የገጠር ልጆች ሁሉ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። አባቴ የእኔን ቀለብ በየገበያው ሊልክ፣ አክስቴ ከዚያ ቀለብ አንድ ፍሬ ላትነካ ተስማሙ። አባቴ ፈረሱ ላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ «ዓይንሽን ከእሷ እንዳትነቅይ» አለኝ።

አልነቀልኩም። ታዛዥ ልጅ ነበርኩ። ውሃ ስትቀዳ፣ ጸጉሯን ስታበጥር፣ ስትጸልይ ሳይቀር ዓይኔን እሷ ላይ ተክዬ ሳላርገበግብ አያታለሁ፤ ካረገበገብኩ በዚያች ቅጽበት የምትበላ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ሽንት ቤት ድረስ ተከተልኳት። በሩን ይዛ ዞር አለችና «አንች ልጅ፣ እዚህ ደግሞ ምን ልበላ ነው?» አለችኝ። ተመለስኩ፤ ግን ከበሩ ብዙም አልራቅሁም።

የድስቱ ነገር የተጀመረው በሐምሌ መግቢያ ነው። ከአባቴ የመጣው ከረጢት ገብስ፣ ባቄላ፣ ሽሮና በሶ ነበረበት። አክስቴ ከረጢቱን በግድግዳው አንድ ወገን ሰቀለችው፤ ጎመኗንና ነጭ ሽንኩርቷን በሌላው ወገን አኖረች። ከዚያ ትንሿን ድስት አጥባ «ይች ያንች ናት» አለችኝ። ትልቁ የእሷ ነው። ምድጃው አንድ፣ እሳቱ አንድ፣ ሴትዮዋ አንድ፤ ድስቱ ሁለት። መጀመሪያ የእኔን ትሠራለች፣ ታወርዳለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ከዚያ የእሷን ትጥዳለች። ማማሰያው እንኳ ለየብቻ ነበር።

ውሉን ሰምቻለሁ፤ ግን ልጅ የሰማውን ሁሉ አይገባውም። እኔ የገባኝ አክስቴ እንደ ተጸየፈችኝ ነው። ምናልባት በሽታ አለብኝ፤ ምናልባት አባቴ ገብሱ ላይ አንድ ነገር አድርጎበታል። ደብቄ እጄን ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት። ቆሽሾ ነበር፤ ግን ሁልጊዜም ቆሻሻ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ጨው ነበር። አክስቴ ሽሮዬን ስትሠራ አትቀምስም። በማማሰያው ጫፍ ትንሽ ታወጣና እኔን ትጠራኛለች።

«ጨው በቃው?»

«አይ፣ ጨምሪበት።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ደግሞ።»

ምላሷ የሞተ መሰለኝ። ሰፈር ውስጥ አንዲት ዓይኗ የጠፋ ሴት ነበረች፤ ምላስም እንደ ዓይን የሚጠፋ ከሆነ የአክስቴም ጠፍቷል ብዬ አዘንኩላት። ያን ክረምት የበላሁት ሽሮ ሁሉ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጨው የለካለት ሽሮ ነው። ውሃ ጠጥቼ አልጠግብም ነበር።

አንድ ቀን ገብስ ቆላችልኝ። ውጪው በዝናብ ጨልሟል፤ ቤቱ በተቆላ ገብስ ሽታ ሞልቷል። ይህን ሽታ በባዶ ሆድ መቋቋም ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አላውቅም። አንድ ፍሬ ከምጣዱ ዘለለችና ቀሚሷ ላይ አረፈች። አክስቴ አየቻት። እኔ አክስቴን አየኋት፤ ሥራዬ ነውና። ፍሬዋን በሁለት ጣቶቿ አነሳች፣ አመዷን እፍ አለችባት፣ መልሳ ምጣዱ ውስጥ ጣለቻት። «ቁጥሯ እንዳይጎድልብሽ» አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው።

ጓሮው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። አክስቴ ድንቿን በመጋቢት ስለተከለችው በሐምሌ ልትበላው አስባለች፤ እስከዚያ ጎመን አለ፤ ከነሐሴ በኋላ ደግሞ የባቄላ እሸት ይደርሳል። ስሌቱ በወረቀት ቢጻፍ ዛሬ ከምሰማቸው የጓሮ ልማት ዲስኩሮች ሁሉ የተሻለ ነበር። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ዝናቡን አላማከረም። የሐምሌ ጭጋግ መጥቶ እላያችን ላይ ተኛ። የድንቹ ቅጠል መጀመሪያ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፣ ከዚያ እንደ ተቀቀለ ጎመን ዛለ፣ ከዚያ ሸተተ። ሰዉ «ምች መታው» አለ። አክስቴ እየቆፈረች ስታወጣ ግማሹ በእጇ ላይ ይፈርጣል። ደህናው ተለቅሞ አንድ ቅርጫት እንኳ አልሞላም።

ጭቃው ላይ ተቀመጠች። አክስቴ ስትናደድ በአዊኛ ነው የምትናገረው፤ ያን ቀን ግን በየትኛውም ቋንቋ አልተናገረችም። እሱ አስፈራኝ።

በአጥሩ ማዶ ማርታ ትኖር ነበር። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከከምባታ አምጥቷት እሱ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። የፕሮቴስታንት ቸርች ትሄዳለች፤ ስትዘምር በቀርከሃው መሐል ይሰማናል። ያን ጠዋት አንገቷን በአጥሩ ላይ አወጣች።

«ይታይሽ፣ ምን ሆንሽ?»

«አለቀልኝ።»

«ምኑ?»

«የምበላው ነዋ። ግምጃ ቤት መሄዴ ነው።»

ማርታ ውሉን ሰፈሩ እንደሚያውቀው ታውቀዋለች። ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና ሳቀች። አክስቴ ቀና ብላ በቁጣ አየቻት።

«ይቅርታ» አለች ማርታ። «ግን ይሄ ሁሉ እንሰት ቆሞ?»

«ኮባውን ነው የምትይው? ኮባ ደግሞ ይበላል እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልታደርጉት ተከላችሁት?»

«ዳቦ ልንጠቀልልበት።»

ማርታ አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። ጥሩ ትምህርት ያላት ሴት ብትሆን በትሕትና ታልፈው ነበር። «እናንተ ሰዎች» አለች፣ «በሬ አርዳችሁ፣ ቆዳውን ይዛችሁ፣ ሥጋውን የምትጥሉ ናችሁ።»

አክስቴ ወዲያው እሺ አላለችም። መራብን አልፈራችም፤ የፈራችው ስም ነው። ኮባ መብላት በእኛ ሰፈር ማለት የዳቦውን መጠቅለያ መብላት ነው። ልጆች መንገድ ላይ «ኮባ በላ! ኮባ በላ!» እያሉ ሲከተሏት ታየኝ፤ ከልጆቹ መሐል እኔም ነበርኩበት። እሷም ይህ ሳይታያት አልቀረም። ከሰዓት በኋላ ግን ገጀራዋን ስላ ወጣች። የፊቱን በር ዘጋች፤ ማርታ በጓሮ በኩል ገባች።

«እርሾ ከቤቴ ላምጣልሽ» አለች ማርታ።

«አይሆንም። እርሾም እህል ነው።»

«እርሾ እህል ነው ያለሽ ማነው?»

«ወንድሜ ይላል። ከማለቱ በፊት እኔ ልበል።»

ማርታ እጇን አወራጨች። «እሺ፣ ከራሱ ከሥሩ እናወጣዋለን። ግን እኔ ስፍቅልሽስ? እጄ እህል ነው?»

«እጅሽን ነጭ ሽንኩርትሽን በማረም እመልሳለሁ።»

ትልቁን ኮባ ጣሉት። ግንዱ ሲወድቅ ውሃ የሞላ እንስራ የወደቀ ይመስል ነበር። ማርታ ግንዱን ልጣጭ በልጣጭ ለያይታ በተዘቀዘቀ ጣውላ ላይ እየዘረጋች በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቃለች፤ ነጩ ሥጋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ከሥሩ ደግሞ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ድቡልቡል ነጭ ሥር ወጣ። ግማሹን ቆራርጠው ያኑ ዕለት ቀቀሉት፤ አክስቴ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች። «እንደ ድንች ነው» አለች፤ ቆየት ብላ ደግሞ «ድንቼ ስለጠፋብኝ ይሆናል የመሰለኝ» አለች። የቀረውን ከፍቅፋቂው ጋር በኮባ ቅጠል ጠቀለሉት፤ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፤ ድንጋይ ጫኑበት።

እኔ ይህን ሁሉ ከበሩ ጥግ ሆኜ አይቻለሁ። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ሃይማኖቷ ከእኛ የተለየ፣ በር ዘግተው፣ ነጭ ነገር በቅጠል ጠቅልለው፣ ጓሮ ቀብረው ድንጋይ ሲጭኑበት። ገጠር ያደገ ልጅ ይህን ካየ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። መተት ነው። የተቀበረውም ለአባቴ ነው። አባቴ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ያስለዋል።

ለቀናት ታገስኩ። ጉድጓዱ መሽተት ሲጀምር ግን አልቻልኩም። አክስቴ ጎመን ስትቀጥፍ ኋላዋ ቆምኩና «እቴቴ፣ አባን ልትገድይው ነው?» አልኳት።

«ምን?»

«የቀበራችሁት።»

አክስቴ ጎመኑን እንደያዘች ዞረች፤ እኔን፣ ጉድጓዱን፣ መልሳ እኔን አየች። ከዚያ ቀርከሃውን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ አጥሩ ሲንቀጠቀጥ ማርታ ምን ሆነሽ ብላ ወጣች፤ ነገረቻት፤ እሷም በተራዋ አጥሩን ይዛ ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተሳለቀብኝ መሰለኝና አለቀስኩ። አክስቴ በጭቃ እጇ ጉንጬን ይዛ «አንች ሞኝ፣ ለአባትሽ አይደለም። ለሆዴ ነው» አለችኝ። «የሚበላ ነገር ነው። ባልበላው ከዚህ ቤት ያወጡኛል። ገባሽ?»

ያኔ ገባኝ። ሁለቱ ድስት፣ ጨዉ፣ ቀሚሷ ላይ የወደቀችው ገብስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ማየት አልተውኩም፤ ነገር ግን ስታሸንፍ ለማየት ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ሆነና ሰፈሩ ሁሉ ስለከሳ የአክስቴ መክሳት አልታወቀም። ዝናቡ ግን ባሰ። አንድ የገበያ ቀን ከአባቴ ምንም አልመጣም። ጠበቅን፤ በቀጣዩም አልመጣም። ከጥሊሊ በኩል የመጡ ሰዎች ወንዙ ሞልቶ ሰውም ፈረስም እንደማያሻግር ነገሩን። ከረጢቴ ግድግዳው ላይ እንደ ታለበ ጡት ተንጠለጠለ። የበሶውን ዱቄት ጥጉን በጣቴ ጠርጌ ላስኩ።

ትንሿን ድስት አጥቤ ባዶዋን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት። የእሷን መብላት ይቻላል ብዬ አላሰብኩም። ውል ውል ነው፤ እኔ የመንግሥት ያህል ምስክር ነኝ።

አክስቴ ጉድጓዱን ከፈተች። የማይደርስ መስሏት ነበር፤ ብርዱ መቡካቱን አዘግይቶበታል። ማርታ በአጥሩ ማዶ አሽትታ «ጥሬ ነው፤ ይሁን፣ ይበላል» አለች። አክስቴ ጨመቀችው፣ በቢላ ደጋግማ ከተከተችው፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ምጣድ ላይ ጣለችው። ኮባ በኮባ ተጠቅልሎ። ሲበስል ከሁለት ከፈለችና ትልቁን ወደ እኔ ገፋችው።

«ብይ።»

«ውሉስ?»

«ውሉ እኔን ነው ያሰረኝ። አንችን ማን አሰረሽ?»

«አንች ቀድመሽ ብይ።»

«አንች ብይ፣ ልይሽ። አንች ስታይኝ ከርመሽ የለ?»

ጎረስኩ። እዚህ ላይ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ አንባቢ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ነገር አልበላሁም እንድል ይጠብቃል። አልልም። ይኮመጥጣል፤ ያኝኩታል፣ ያኝኩታል፣ አያልቅም። ያን ዕለት ግን ጠገብኩ፤ በማግስቱም፤ ወንዙ እስኪጎድልም። ኋላ ላይ የባቄላው እሸት ሲደርስ አንድ ላይ እንበላው ነበር፤ ያኔ ወደድኩት ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

የመስቀል ማግስት ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቴ ፈረሱን ደጅ አስሮ ገባ። ወንዙ ካቆመው ጀምሮ አላየኝም ነበርና አቅፎ ሳመኝ። አክስቴ በር አጠገብ ቆማለች፤ ነጠላዋ ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ይጠመጠማል።

አያ ቢሻው ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ እግዜር ያየሻል። አክስትሽ ከሰው እህል በላች?»

«አልበላችም።»

«ከአንች ቀለብስ? ትንሽም ብትሆን? አንድ ጉርሻ?»

«አልበላችም። ጨው እንኳ አልቀመሰችልኝም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ማመኑ እንደሆነ ወይም አለማመኑ አልታወቀኝም። እኔ ግን አልጨረስኩም ነበር። «እኔ ነኝ የእሷን የበላሁት» አልኩ።

«ምን በላሽ?» አለ አባቴ።

«ኮባ።»

የአባቴ ፊት ቀላ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ልጄን ኮባ አበላሻት? የእኔን ልጅ ኮባ?»

«ቀለብ ጠፋ» አለች አክስቴ።

«ወንዙ ሞላ!»

«አውቃለሁ፣ አያ። እኔ ጓሮ ውስጥ ወንዝ የለም።»

አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እዩ እንግዲህ። ውሉ ከጓሮዋ ምግብ እንድትበላ ነው። ኮባ ምግብ አይደለም። ይህን የማያውቅ ካለ ይንገረኝ። ስለዚህ ውሉ አልተፈጸመም።»

አክርሮ ተናግሯልና ለአፍታ ያሸነፈ መሰለ። አያ ቢሻው ጢማቸውን አሻሹ።

«ኮባ ምግብ አይደለም ነው የምትለው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ይህች ሴት ከሐምሌ እስከ መስቀል ምግብ አልበላችም ማለት ነው?»

አባቴ ወደ ጓሮው በር ዞር ብሎ አየ።

«ያለ ምግብ ክረምት የሚወጣ ሰው» አሉ አያ ቢሻው፣ «እኔ የማውቀው ገዳም ውስጥ ነው። እሱንም ለባል አይድሩትም።» አንዱ ሽማግሌ የሳሉ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሲስቁ ነው። በአዊኛ አንድ ነገር ተባባሉና ሁሉም ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ምግብ ከሆነ ከጓሮዋ ነው የበላችው። ምግብ ካልሆነ አልበላችም፤ ከማንም አልወሰደችም። የቱን ትመርጣለህ?»

አባቴ አልመረጠም። ተነስቶ በጓሮ በር ወጣ። እኔ በበሩ ቀዳዳ አየሁት፤ እሱ የተቆረጡትን የኮባ ጉቶዎች፣ የቆሙትን፣ ድንጋዩ የተነሳለትን ጉድጓድ ይቃኛል። አንዱን ቆሞ የቀረ ኮባ ግንዱን በመዳፉ ነካ፤ ፈረስ እንደሚነካው። ተመልሶ ሲገባ ድምፁ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። «እናታችን ስትተክለው እኔ ነበርኩ ውሃ የማመላልስላት» አለ። ከዚያ ለአክስቴ «ቤቱ ያንች ነው» አላት።

እልልታ ጠበቅሁ። አክስቴ እልል አላለችም፤ አልዘፈነችም፤ የማንንም እግር አልሳመችም። ሽማግሌዎቹን አመስግና ሸኘች። ከዚያ ከመደርደሪያው ጎድጓዳ ሳህን አነሳች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የፊቱን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ወደ መንገዱ ወጣች። ተከተልኳት። ሥራዬ አልቆ ነበር፤ እግሬ ግን ለምዶታል። ሽማግሌዎቹ ገና መንገዱ ላይ ናቸው፤ አባቴ የፈረሱን መቀነት እያጠበቀ ነው። አክስቴ በመሐላቸው አልፋ ማርታ ደጅ ቆመችና ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች።

«ማርታ! አንች ማርታ! ሽሮ አለሽ? አበድሪኝ እስቲ!»

ማርታ ከመጣች ጀምሮ፣ መጤ ናት ተብሎ፣ በሯን አንኳኩቶ ከእሷ የተበደረ ሰው አልነበረም። ብቅ አለች፤ ሳህኑን አየች፣ ፈረሱን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች። የጠራቻትን ሴት ያልለየች መሰለች። ከዚያ ሮጣ ገባችና ሳህኑን አፉ ድረስ ሞልታ፣ እላዩ ላይ ደግሞ ቆልላ ይዛ መጣች። ሽሮው እየፈሰሰ ቀሚሷን ቀባው።

«መቼ ትመልሻለሽ?» አለች፤ አፏ እየሳቀ፣ ዓይኗ ሌላ ነገር እያደረገ።

«አልመልስም!» አለች አክስቴ። «ነገ ደግሞ ለበርበሬ እመጣለሁ!»